ሃያ ወር እንዴት ስድስት ወር ሆነ

የታክሲ ረዳት ጆሮው ከደከመ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ከኋላ ወንበር «ወራጅ አለ!» ሲባል መስማት አለበት፤ ሾፌሩ ሲጠራው፣ ተራ አስከባሪው ሲጮህበት መስማት አለበት። ከሳንሱሲ በአስኮና በዊንጌት በኩል ወደ መሀል ከተማ ከሚመላለሱት ረዳቶች አንዱ፣ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞት እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ በየቀኑ ለመርፌ ይመጣ ነበር። ጥቂት ወራት እንደሄደ ጆሮው ውስጥ ጭው የሚል ነገር አልለቅ እንዳለው ነገረኝ። ቀጥሎ የስልኩ ጥሪ ጠፋበት። ከዚያ ሰው ሲያናግረው አፍ አፉን ማየት ጀመረ። ሳንባው ዳነ። ጆሮው ግን አልተመለሰም፤ ታክሲ ላይም ዳግመኛ አልወጣም።

ያ መርፌ ዛሬ ከተለመደው ሕክምና ወጥቷል። መውጣቱ ትክክል እንደሆነ ካረጋገጡት ጥናቶች አንዱ የተሠራው ደግሞ ባሕር ማዶ ብቻ አይደለም፤ እዚሁ አዲስ አበባም ነው። አንደኛው ቦታ ዘነበወርቅ፣ አለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ነው፤ ሁለተኛው እንጦጦ ላይ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል። ሁለቱም ከእኛ ሰፈር በታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው። የሰፈሬ ሰው አለርትን የሚያውቀው በቆዳ ሕክምና ነው፤ ጴጥሮስንም «የሳንባ ሆስፒታል» ብሎ ያውቀዋል። በእነዚህ ግቢዎች የዚህችው ከተማ ነዋሪዎች ፈቅደው የገቡበት ጥናት፣ ዓለም ይህን በሽታ የሚያክምበትን መንገድ እንደለወጠ ግን የነገረው የለም። እኔ በቲቢ ክፍል ነርስነት የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ሊነገረው ይገባል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ በሽታው ምን እንደሆነ ልናገር። ተራው ቲቢ በስድስት ወር ይድናል። ይህን ካስቻሉት መድኃኒቶች ዋናዎቹ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ናቸው። ባክቴሪያው እነዚህን ሁለቱን ሲለምዳቸውና አልሞትም ሲል መድኃኒት የተላመደ ቲቢ እንለዋለን፤ በክፍላችን ቋንቋ «ኤምዲአር»። ብዙ ሰው ይህ የሚመጣው መድኃኒቱን አቋርጦ በጠፋ ሰው ላይ ብቻ ይመስለዋል። ማቋረጥ አንዱ ምክንያት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አንድም ክኒን ውጦ የማያውቅ ሰው፣ አብሮት ካደረ ወይም አብሮት ከሠራ ታማሚ የተላመደውን ባክቴሪያ እንዳለ በትንፋሽ ሊወስድ ይችላል። በአንዲት ትንሽ መስኮት የምትተነፍስ የኪራይ ቤት ውስጥ አምስትና ስድስት ሰው በሚያድርበት ሰፈር ይህ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ «አቋርጠህ ነው ያመጣኸው» እያሉ በሽተኛ ላይ ጣት መቀሰር ስሕተት ብቻ ሳይሆን ግፍም ነው።

የድሮው ሕክምና ሃያ ወር ገደማ ይፈጅ ነበር፤ አንዳንዱ ላይ ከዚያም ያልፋል። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ግድም የመርፌ ናቸው፦ ካናማይሲን፣ አሚካሲን ወይም ካፕሪዮማይሲን። ጠዋት ክፍሉ ሲከፈት ታካሚዎቹ ውጪ አግዳሚው ላይ፣ አየር በሚገባበት፣ ማስክ አድርገው ይጠብቃሉ። ብዙዎቹ በአንድ ጎን ነው የሚቀመጡት። ዳሌያቸው በመርፌ ብዛት ይጠጥራል፤ ከሁለት ወር በኋላ መርፌ የሚገባበት ለስላሳ ቦታ በጣት እየዳሰስኩ መፈለግ ነበረብኝ። ክኒኑ በአንድ ጊዜ እፍኝ ይሞላል። ያስመልሳል፤ ያስመለሰ ደግሞ እንደገና ይውጣል፤ እኔም ቆሜ አያለሁ፤ ሥራዬ ነውና። ሳይክሎሰሪን የሚባለው አንዳንዱን እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ያስጨንቀዋል፤ ከነጭራሹ ሐሳቡን የሚያዛባበትም ነበር። ይህ ሁሉ ሃያ ወር ነው። በሃያ ወር ልጅ ተፀንሶ፣ ተወልዶ፣ ድክ ድክ ማለት ይጀምራል።

በዚያ ላይ ምግቡ አለ። መድኃኒቱን ባዶ ሆድ አይችለውም። አንዲት እናት በሁዳዴ ወተትና እንቁላል አልበላም ብላ እየመነመነች ስትሄድ፣ የንስሐ አባቷን ይዛ እንድትመጣ ለመንኳት። መጡ፤ ክፍሉ በር ላይ ቆመው «መድኃኒት ነው ልጄ፣ ብዪ» አሏት፤ በላች። ግን ፈቃዱ ከተገኘ በኋላም የእንቁላሉ ገንዘብ ከየት ይምጣ? ይህን ጥያቄ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ጥናቱም መልሶ ይጠይቀዋል።

ደግነቱ ይህ ከባድ ሕክምና በአገራችን መኖሩ ራሱ ድል ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በየካቲት 2009 ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የመጀመሪያዎቹን ታካሚዎች ሕክምና አስጀመረ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ተከተለ። ዶክተር ዳንኤል መረሳና የሥራ ባልደረቦቻቸው እስከ 2014 መጨረሻ ሕክምና ከጀመሩት ውስጥ የ612 ሰዎችን ታሪክ በ2015 ቶራክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ከእነዚህ ውስጥ 78.6 በመቶው ድነዋል ወይም ሕክምናቸውን ጨርሰዋል፤ 13.9 በመቶው ሞተዋል። አልጋ ጥቂት ስለነበረ ብዙው ሰው ቤቱ ሆኖ ነው የታከመው፤ ምግብ፣ የትራንስፖርትና የቤት ኪራይ ድጋፍ እየተሰጠው። ይህን ቁጥር በኩራት ነው የምጠራው። እኛ ጤና ጣቢያ ያለን ሰዎች የምንሠራው ያ ቡድን በጠረገው መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ሃያ ወሩ እንዳለ ነበር። ተስፋው የመጣው ከባንግላዴሽ ነው። እዚያ አርማንድ ቫን ደውን የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት መድኃኒቶቹን እየቀያየሩ፣ እየቀናነሱ ሞክረው፣ በ2010 አንድ ውጤት አወጡ፦ 206 ታካሚዎች፣ ዘጠኝ ወር ገደማ ሕክምና፣ ከ100 ወደ 88 የሚጠጉት በሽታው ሳይመለስባቸው ድነዋል። የሰማ ሁሉ ተገረመ፤ ብዙዎችም ተጠራጠሩ። ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። ምናልባት የባንግላዴሽ ታካሚዎች በሽታቸው ቀለል ያለ ይሆናል። ምናልባት ኤችአይቪ በብዛት ባለበት አገር አይሠራ ይሆናል። አጭሩን ሕክምና የወሰዱትን ለብቻ አይቶ «ጥሩ ነው» ማለት አይበቃም፤ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ ረጅሙን ከሚወስዱ ተመሳሳይ ሰዎች ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ስትሪም የተባለው ጥናት የተጀመረው ለዚህ ነው፤ ጊዜው 2012። አገሮቹ አራት ናቸው፦ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቬትናምና ሞንጎሊያ። ተሳታፊዎቹ 424። ከኢትዮጵያ የገቡት በእነዚያ ሁለት ግቢዎች ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰፈር ውስጥ «ጥናት» ሲባል ሰው ፊቱን የሚያጠቁረው እዚህ ላይ ስለሆነ። «ሲስተር፣ እኛ ላይ ሊሞክሩ ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው ክብር ይገባዋል፤ ለድሃ ሰው ሰውነቱ ብቸኛ ሀብቱ ነው። መልሴ ይህ ነው። ሕክምናው ማንም ሳይጠየቅ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት፣ አስቦበት፣ ፈርሞ ነው የሚገባው፤ በፈለገ ጊዜም ይወጣል፤ በመውጣቱም ሕክምና አይከለከልም። የገባ ሁሉ መድኃኒት ያገኛል። ማን አጭሩን፣ ማን ረጅሙን እንደሚወስድ የሚወስነው ዕጣ ነው። ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ኖሮ፣ ያዘነለትን ወደ አጭሩ፣ የከፋበትን ወደ ረጅሙ ይልክ ነበር፤ በኋላ የሚታየው ልዩነት ከመድኃኒቱ ይሁን ከአመራረጡ አይታወቅም። ዕጣ ይህን ያጠፋል።

ይህ አሠራር ራሱ ከቲቢ ጋር አብሮ ያደገ ነው። በ1948 የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ያወጣው የስትሬፕቶማይሲን ጥናት በዘመናዊ ሕክምና በዕጣ ከተሠሩት የመጀመሪያው ዝነኛ ጥናት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መድኃኒቱ ለሁሉም አይበቃም ነበር፤ ስለዚህ ዕጣ ከማውጣት የበለጠ ፍትሐዊ መንገድ አልነበረም። 107 ታካሚዎች ነበሩ። በስድስት ወር ውስጥ ስትሬፕቶማይሲን ካገኙት 55 ሰዎች 4 ሞቱ፤ አልጋ ላይ ዕረፍት ብቻ ከተሰጣቸው 52 ደግሞ 14። መድኃኒት መላመድም በዚያው ጥናት ታየ፤ አንድ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ባክቴሪያው ለመደው። ያው ምክር ቤት በስትሪምም ውስጥ ነበረበት፤ የአዲስ አበባው ዕጣ የለንደኑ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጥናቱ ጥያቄ። ስትሪም የጠየቀው «አጭሩ ይበልጣል ወይ?» ብሎ አይደለም። የጠየቀው «አጭሩ ከረጅሙ ያንሳል ወይ?» ብሎ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሁለቱ ሕክምናዎች እኩል የሚያድኑ ከሆነ፣ ግማሽ ጊዜ የሚወስደው ያለ ክርክር ይመረጣል። ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ወሰን አስቀመጡ፦ አጭሩ ከረጅሙ በ10 ነጥብ እንደማያንስ በእርግጠኝነት ካልታየ፣ ተሸንፏል። አስቀድሞ ወሰን ማስቀመጥ ማለት ውጤቱ ከመጣ በኋላ ሰበብ መደርደር አይቻልም ማለት ነው። ይህን ሐቀኝነት እወደዋለሁ።

ውጤቱ በመጋቢት 2019 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ወጣ፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ አንድሪው ነን ናቸው። ረጅሙን ከወሰዱት 79.8 በመቶው፣ አጭሩን ከወሰዱት 78.8 በመቶው መልካም ውጤት አገኙ። አንድ ነጥብ ልዩነት። ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ወር የፈጀው፣ ሃያ ወር ከፈጀው አላነሰም። ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር። አጭሩ ላይ ኢሲጂ በተባለው የልብ ምርመራ ሲታይ የልብ ምት መስመር የሚረዝምባቸው ሰዎች በዝተው ተገኝተዋል፤ 11 በመቶ፣ በረጅሙ ግን 6.4። ስለዚህ በየጊዜው ኢሲጂ ማንሳት የሕክምናው አካል ሆነ።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የነካኝ ከዚህ ጥናት ጋር አብሮ የተሠራው የገንዘብ ሒሳብ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድን ታካሚ በረጅሙ ሕክምና ለማከም 6,096.6 የአሜሪካ ዶላር ሲፈጅ፣ በአጭሩ 4,552.3 ዶላር ሆነ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ትልቁ ቁጠባ የመድኃኒት ዋጋ ነበር። እኛ ዘንድ ትልቁ ቁጠባ የምግብና የመሳሰለው ማኅበራዊ ድጋፍ ሆነ። የእንቁላሉን ጥያቄ ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው፦ አጭሩን ሕክምና የወሰዱ ኢትዮጵያውያን ከኪሳቸው ለተጨማሪ ምግብ የሚያወጡት በአማካይ በ225.5 ዶላር ቀነሰላቸው። በ132 ሳምንት ክትትል ውስጥም በአማካይ 667 ሰዓት ተጨማሪ ሠርተዋል። 667 ሰዓት! በቀን ስምንት ሰዓት ብናስበው ከሰማንያ በላይ የሥራ ቀን ነው። ለቀን ሠራተኛ፣ ለጉልት ነጋዴ፣ ለረዳት ይህ የቤት ኪራይ ነው፤ የልጅ ደብተርና ጫማ ነው። በሽታውን የሚያከብደው ባክቴሪያው ብቻ እንዳልሆነ፣ የሕክምናው ርዝመትም ራሱን የቻለ ሕመም እንደሆነ በክፍሌ በር ላይ ሳየው ኖሬያለሁ። ይህ ቁጥር ግን ያየሁትን ማንም ሊክደው በማይችል መንገድ አስቀመጠው።

መርፌው ግን አጭሩም ውስጥ ነበር፤ ከስምንት ወር ወደ አራት ወር ገደማ ወረደ እንጂ አልወጣም። ካናማይሲን የውስጠኛውን ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉ ሕዋሳት ይገድላል፤ አንዴ ከሞቱ አያቆጠቁጡም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሰውየው ግን ጨዋታ እስከሰማ ድረስ ምንም የጎደለ አይመስለውም። ለዚህ ነው የመስማት ምርመራ በመሣሪያ ካልተደረገ በቀር ጉዳቱ የሚደረስበት ከረፈደ በኋላ የሚሆነው።

የስትሪም ሁለተኛ ምዕራፍ ይህን መርፌ አስወጥቶ ቤዳኩሊን የተባለውን ክኒን ተካበት። በ2016 ተጀምሮ ሰባት አገሮችን አካተተ፤ ኢትዮጵያ እንደገና ነበረችበት፤ ከጆርጂያ፣ ከሕንድ፣ ከሞልዶቫ፣ ከሞንጎሊያ፣ ከደቡብ አፍሪካና ከዩጋንዳ ጋር። 588 ተሳታፊዎች። ሩት ጉዳልና ባልደረቦቻቸው በ2022 ላንሴት ላይ ባወጡት ውጤት፣ በክኒን ብቻ ከታከሙት 83 በመቶው ተሳካላቸው፤ መርፌ ካለበት ሕክምና ደግሞ 71 በመቶው። ከባድ የመስማት ችግር በመርፌው ወገን 9 በመቶ፣ በክኒኑ ወገን 2 በመቶ ሆነ። ይህን ሳነብ ያ ረዳት ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ፤ ዘጠኙ ውስጥ የሚቆጠሩት ሰዎች እንዴት እንደሚያዳምጡ አውቃለሁና።

የዓለም ጤና ድርጅት ጥናቱ ተጠናቆ እስኪታተም አልጠበቀም፤ ከሌሎች አገሮች በተሰበሰበ መረጃ ተነሥቶ ቀደም ብሎ መርፌው ወደ ዳር እንዲወጣ መክሮ ነበር። የስትሪም ዋጋ ምክሩን በጠንካራ ማስረጃ ላይ መትከሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጥኗል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በቤላሩስ፣ በኡዝቤኪስታንና በደቡብ አፍሪካ የመሩት ሌላ ጥናት ቤዳኩሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊኔዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን አንድ ላይ ሲሰጡ በስድስት ወር ብቻ ብዙውን ታካሚ እንደሚያድኑ አሳየ። በ2022 መጨረሻ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የስድስት ወር ሕክምና መከረ። ከዚያም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2021፣ ኢትዮጵያ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚያጠቃቸው ዋና ዋና አገሮች ዝርዝር ወጥታለች፤ ኬንያና ታይላንድም አብረው ወጡ። ቲቢ በአጠቃላይ ከበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ግን አልወጣንም።

በዚህ ጉዳይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በስትሪም የተሳተፉ ሰዎች ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል፤ አክታ ሰጥተዋል፣ ደም ሰጥተዋል፣ ኢሲጂ ተነሥተዋል፤ ከሥራ ቀርተው፣ ታክሲ ተጋፍተው ቀጠሮ አክብረዋል። ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ሲወጣ ዓለም አጨበጨበ። የተሳታፊው ጎረቤት ግን እስከ ዛሬ «ጥናት» ሲባል ይሸሻል፤ የቤት አከራይም «ቲቢ አለበት» ሲባል ዕቃ አውጣ ይላል። የጥናት ውጤት በቀበሌ አዳራሽ፣ በዕድር ስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ሊነገር ይገባል። እኔ በበኩሌ ቡና በምንጠጣበት ሁሉ ለጎረቤቶቼ እነግራለሁ። ሲሰሙ ይገርማቸዋል፤ ያላገጠ አላየሁም። «የእኛ ሰው ነው እንዴ?» ብለው ይጠይቁኛል።

ለአዲስ ታካሚ ዛሬ የምለው ይህን ነው። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ ኑና አክታ ስጡ፤ ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ሪፋምፒሲንን የለመደ ቲቢ መሆን አለመሆኑን በሁለት ሰዓት ገደማ ይለያል፤ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ቤዳኩሊን መጀመሪያ ሁለት ሳምንት በየቀኑ አራት አራት ፍሬ፣ ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ፍሬ ይዋጣል፤ ቀኑን አትዝለሉ፤ ይህንንም መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ በተለያዩ አገሮች መታየት ጀምሯል። ክሎፋዚሚን የታዘዘላችሁ ፊታችሁ ይጠቁራል፤ ሰው ቢጠይቃችሁ የመድኃኒቱ ነው በሉ፣ ሕክምናው ሲያልቅ ቀስ እያለ ይለቃል። ሊኔዞሊድ የምትወስዱ እግራችሁ ጫፍ ከደነዘዘ ወይም ከነዘራችሁ፣ ድካም ከበዛባችሁ፣ ዓይናችሁ ብዥ ካለባችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ኑ። መጠኑን መቀነስ ወይም ማቆም እንችላለን፤ ቀድመን ካወቅን።